ዘይት የጠጣ ዋንዛ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስማማው፣ ደብረ ማርቆስ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ ትናንት በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ደረሰኝ። ጽሕፈትዎን ገና ከፖስታው ላይ ሳየው ደነገጥሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይጻጻፍ ከቆየ ሰው ደብዳቤ ሲመጣ መቼም መርዶ ይመስላል። ከፍቼ ባየው ስለ ቬርኒሽ ነው። ተመስገን አልሁ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ የኑግ ዘይት አጠጥተውታል፤ አሁን በላዩ የሚያበራ፣ የእንጨቱን መልክ የማይደብቅና ከዘይቱ ጋር የማይጣላ ቅብ ይፈልጋሉ። እኔ በምሠራበት በጣሊያኑ የእንጨት ሥራ ቤት ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ጎማላካ የሚባለው ደረቅ ሙጫ ነው፤ በአልኮል ሟሙቶ በጨርቅ ይታሻል። ውብ ነው፤ ነገር ግን የሰው እጅ የሚበዛበት ዕቃ ላይ ብቻውን አይበረክትም። ሁለተኛው በመርጫ የሚረጨው ፈጣኑ ላከር ነው። እሱን አይንኩት፤ ማቅጠኛው ኃይለኛ ስለሆነ ከሥር ያለውን ዘይት ቀስቅሶ ላዩን ይሸበሽበዋል። ለእርስዎ የሚሆነው ሦስተኛው፣ ራሱ በዘይት የሚሠራው ቬርኒሽ ነው። አኳራጅ በሚባለው ቀለል ያለ ማቅጠኛ ቀጠን ያድርጉትና በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ ወገን ብቻ እየሳቡ ሁለት ጊዜ ይቀቡት። በመካከሉ በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ያድርጉት። አንድ ቆርቆሮ በዚሁ ረዳት ልኬልዎታለሁ።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ ለመንደራችን ደብር የሚገባ አትሮንስ ነው ብለዋል፤ ካህኑ ቆሞ መጽሐፍ የሚያነብበት ረዥሙ ዓይነት። ማን እንዳሠራው ግን አልጻፉም። ስለ እትዬ አገሬም “ቤተ ሰቡ ሁሉ ደኅና ነው” ከማለት በቀር ምንም የለም። እናት አባታችን ከሞቱ በኋላ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እኅቴ “ቤተ ሰብ” በሚል ቃል ተጠቅልላ ስትመጣ ደስ አይለኝም። እንዴት ናት?

የድሮውን ነገር እንዳላነሣ ለምነውኛል። አላነሣም። ያ ለሹሙ የሠራነው ጠረጴዛ ቬርኒሹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሲያብጥ፣ በገበያ መካከል “የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሚስቴ ወንድም ነው የቀባው፤ እጁ ገና አልበሰለም” ያሉትን ረስቼዋለሁ።

አክባሪዎ
ቢያዝን


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢያዝን፣

ሰላምታዬ ዓባይን ተሻግሮ ይድረስህ። ቆርቆሮው ጠብታ ሳይፈስ መጣ። ረዳቱ “ከተሳፋሪው ይልቅ እሱን ስጠብቅ አደርሁ” እያለ ሲስቅ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ዘርዝረህ ትጽፍልኛለህ ብዬ አልጠበቅሁም። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ማን አሠራው ላልኸው፣ ስለት ያለበት ሰው ነው፤ ስሜ አይነሣ ብሏል። እትዬህ ደኅና ናት። ብርዱ ጠንቶባት ትንሽ ታስላለች እንጂ ሌላ የለባትም። ሰላም በልልኝ ብላሃለች።

ሥራው እንዲህ ሆነ። ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠጣሁት በከተራ ዕለት ነው፤ እንጨቱ እስኪጠግብ። በጥምቀት ማግሥት እንዳልኸኝ ቬርኒሹን አቅጥኜ ቀባሁት፤ በሦስተኛው ቀን ደገምሁት። መልኩን ብታየው! የዋንዛው መስመር ሁሉ እንደ ማር ወጥቷል። ጎረቤቱ እየመጣ ፊቱን ያይበታል። ነገር ግን እስከ ዛሬ እጅ ይይዛል። ጣቴን ሳስቀምጥ ያዝ አድርጎ ይለቀኛል። ብርዱ ነው ብዬ ጧት ጧት ወደ ፀሐይ አወጣዋለሁ። ይህ የተለመደ ነው ወይ? በዓሉ ሊደርስ ሃያ አምስት ቀን የማይሞላ ነው የቀረው። ረዳቱ ሐሙስ ስለሚመለስ አንድ መስመር ብትሰጠው ይበቃኛል።

በገበያ መካከል ስላልሁት ነገር፣ እንዳልረሳኸው ከአጻጻፍህ ገብቶኛል። እኔም አልረሳሁትም። በወረቀት የሚሆን አይደለም፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራዋለን።

ወንድምህ
አስማማው


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1957 ዓ.ም.

ወንድሜ ቢያዝን፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። በጥር ለጻፍሁልህ መልስ አልመጣም ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልሁ። አሁን ከበዓሉ ሰላምታ ግርጌ “አትሮንሱስ እንዴት ሆነ?” ብለሃል። የቆየሁብህ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

በዋዜማው ከመኪና መውረጃው እስከ ደብሩ አራት ጎረምሶች ተሸከሙት። ሕዝቡ ሲያየው እልል አለ። በማግሥቱ መሪጌታ እንዳላማው፣ አንተን ፊደል ያስቈጠሩህ፣ ዛሬ የደብሩ አለቃ የሆኑት፣ ተአምረ ማርያምን ዘርግተውበት አነበቡ። ፀሐዩ የበረታ ነበር፤ ንባቡም ረዘመ። ሲጨርሱ መጽሐፉን ሊያነሡ ቢሉ እምቢ አላቸው። ዲያቆኑ መጥቶ አገዛቸው። ከዚያ ቆዳው ተቀደደ። የስንት አባቶች እጅ የዳበሰው ቆዳ፣ ሲቀደድ ድምፁን ከኋላ የቆሙት ሴቶች እንኳ ሰምተውታል። የጀርባው ልባስ እንዳለ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መሪጌታ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ገቡ። እኔ አትሮንሱን በጆንያ ሸፍኜ መለስሁት። አሁን ከሥራ ቤቴ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜዋለሁ።

አሁን የዋሸሁህን ልንገርህ። ባለ ስለቱ እኔ ነኝ።

እትዬህ ካቻምና ክረምት ደም ማሳል ጀመረች። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ፤ መርፌውንም ኪኒኑንም ሳታቋርጥ ብዙ ወር ትውሰድ አለ። “ለቢያዝን እንዳትጽፍ፤ እንጀራውን ጥሎ ይመጣል” ብላ አስማለችኝ። እኔም ለኪዳነ ምሕረት ተሳልሁ፤ በእግሯ ቆማ በዓልሽን ካከበረች በገዛ እጄ አትሮንስ ሠርቼ አገባለሁ ብዬ። በኅዳር ተነሣች። እህል ቀመሰች፣ ፊቷ መለስ አለ። በበዓሉ ዕለት በእግሯ ሄዳ ከፊት ቆማ ነበር። ያየችውን አየች።

ከዚያ ወዲህ “ስለቱ ተመለሰ፤ አልተቀበለችኝም” ነው የምትለው። በመጋቢት መባቻ ኪኒኑን ተወችው። “ዋ! ተይ አገሬ” ብላት “ያልተፈቀደ ዕድሜ በኪኒን አይቀጠልም” አለችኝ። መሪጌታ ራሳቸው እቤት ድረስ መጥተው፣ ቆዳው ይተካል፣ ልጄ፣ እመቤታችን በቆዳ አትጣላም አሏት። ጉልበታቸውን ስማ ሸኘቻቸው፤ ኪኒኑን ግን አልነካችም።

ሰውም በእኔ ያወራል። ግድ የለም፤ የእጄ ስንፍና ነው። የምለምንህ ግን አንድ ነገር ነው። አንተ ብትጽፍላት ትሰማሃለች። እንዲያው የመሰለህን ጻፍላት።

አስማማው


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼ አስማማው፣

ለእትዬ የሚጻፈውን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። አንደኛው ምክር ነበር፣ ሁለተኛው ልቅሶ። ይህን ሦስተኛውን መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት፤ ከዚያ ከቻሉ ቃል ሳይቀንሱ ያንብቡላት።

የእጅዎ ስንፍና አይደለም። እኔ ነኝ።

በታኅሣሥ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር። ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ የሚስማማው ያ ቬርኒሽ ነው። ያልጻፍሁት አለ። የእኛ አገር ኑግ ዘይት ከእንጨት ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። ብዙ ሳምንት፣ በብርድ ጊዜ ብዙ ወር ይፈልጋል። ከሥር ዘይቱ ሳይደርቅ ከላይ የተቀባ ቬርኒሽ ዕድሜ ልኩን ሙጫ ነው። ይህን ማንም እዚህ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ወር ይማረዋል። እኔም ተምሬዋለሁ፤ የተማርሁትም ያ የሹሙ ጠረጴዛ ለምን እንዳበጠ ስጠይቅ ነው። ጣሊያኑ “ከሥሩ ዘይት ነበረበት?” አለኝ። ያን ዕለት ማታ እርስዎ ሳይነግሩኝ ዘይት አጠጥተውት እንደ ነበር ትዝ አለኝ። በገበያ የተዋረድሁት በእርስዎ ዘይት ነው ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አቄምሁ።

ደብዳቤዎ ሲመጣ “ይድረቅ፣ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆይ፤ መጀመሪያ ከሥሩ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት” ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሬ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ጊዜ ይቅመሰው አልሁ። አሠሪው ሹም ይሆናል፣ ነጋዴ ይሆናል፤ ትንሽ ይዋረድና ይማር አልሁ። የእኅቴ ነፍስ ከእንጨቱ ላይ እንዳለች አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እላለሁ፤ ግን ይህ ማመካኛ ነው። የሌላ ሰው ስለት ቢሆንስ?

የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው። በጥር “እጅ ይይዛል፣ ይህ የተለመደ ነው ወይ” ሲሉኝ ጊዜ ነበረ። ፈቅፍቀው ያንሡት ብል አትሮንሱ በዘይቱ ብቻ ለበዓሉ ይገባ ነበር። ረዳቱ ሐሙስ መጥቶ “መልስ አለህ?” አለኝ። የለም አልሁት። የቀረውን ሁሉ በቍጣ ሠራሁት ልበል፤ ያን ግን በደኅና አእምሮዬ ነው ያደረግሁት።

እትዬ፣ አሁን አንቺን ነው የምናገር። ስለትሽን የመለሰ የለም። እመቤታችን አልገፋችሽም። የገፋሽ በጀርባሽ ያሳደግሽው ልጅ ነው። ተቈጪኝ፣ ርገሚኝ፣ ኪኒኑን ግን ውሰጂ። ለኔ ስትይ አልልም፤ እንዲህ የማለት መብት የለኝም።

ጋሼ፣ ቬርኒሹን በጠርሙስ ስባሪ ፈቅፍቀው በአኳራጅ እያጠቡ ያንሡት። ከዚያ ይቁም። ልምጣ ካሉኝ በማግሥቱ እሳፈራለሁ።

ቢያዝን


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቢያዝን፣

በመካከል የላክሃቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰዋል። “አንብበውላታል ወይ? ልምጣ ወይ?” ትላለህ። የዘገየሁበትን ልንገርህ። የግንቦቱን ደብዳቤ ካነበብሁ በኋላ ከመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ደብቄው ሦስት ሳምንት ከረምሁ። እንዳላነብላት ያደረገኝ ለአንተ ማዘኔ አይደለም። ተናድጄ ነው። እጄን ስጠላ፣ በመንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ አንገቴን ስደፋ የከረምሁት ሰው ነኝ። ይህ ልጅ በእኅቱ አፍ ይቅርታ ሊያገኝ ነው አልሁ። ሦስት ሳምንት እሷ ኪኒን ሳትወስድ ያለፈው በእኔ ቍጣ ነው። ይህን በእኔ ላይ ጻፍልኝ።

ደግሞም እውነት ጽፈሃል። ያን ጠረጴዛ ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ዘይቱ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ሹሙ ሲያፈጥብኝ ፈራሁና ስምህን ጠራሁ። አገሬ የዚያን ዕለት “ሂድና በገበያው መካከል መልሰው” አለችኝ። አልመለስሁትም።

ባለፈው እሑድ አነበብሁላት። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ቢያዝን ነው?” አለች።

“እሱ ነው።”

“ኪዳነ ምሕረት አይደለችም?”

“አይደለችም።”

“ደግመህ አንብበው።”

ደገምሁት። ስጨርስ “ይህ ልጅ ትንሽ ሳለ ሲያጠፋ ከአልጋ ሥር ይገባ ነበር፤ እኔም ራሱ እስኪወጣ እንዳላየሁት ሆኜ ሥራዬን እሠራ ነበር። ዛሬ ገና ወጣ” አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ሳሉ እስኪያቋርጣት አለቀሰች። ዐይኗን ጠርጋ “ኪኒኑን የት አደረግኸው?” አለችኝ።

በማግሥቱ ወደ ሐኪሙ ወሰድኋት። ተቈጣን። የተቋረጠውን ከመጀመሪያው እንጀምራለን አለ።

እትዬህ ያለችህን እንዳለችው እጽፋለሁ፦ “አሁን አይምጣ። ክረምት ነው፤ መጥቶ ከአልጋዬ አጠገብ ፊቱን አጥቍሮ ምን ይሠራልኛል? አትሮንሱ ሲደርቅ ይምጣና ሁለታችሁ በአንድ ላይ ጨርሱት። የጀመራችሁት ጠብ በእንጨት ነው፤ በእንጨት ይለቅ።”

ቬርኒሹን ፈቅፍቄ አንሥቼዋለሁ።

አስማማው


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለጋሼ አስማማው፣

ክረምቱን በሰላም ስላሳለፋችሁ ደስ ብሎኛል። እትዬ መለስ ማለቷን ከጻፉልኝ ወዲህ እንቅልፍ አግኝቻለሁ።

“ዝናቡ ወጥቷል፤ እትዬህ ለኅዳር ዐሥራ ስድስት ይለቅልኝ ትላለች፤ ይሆናል ወይ?” ብለዋል። አይሆንም። ክረምት ሙሉ እርጥበት ውስጥ የቆመ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ ይፈልጋል። እንዲህ ያድርጉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በእንጨቱ ላይ አንጥፈው ድንጋይ ይጫኑበትና ያሳድሩት። ጧት ሲያነሡት ቢጫ ምልክት ካለው ዘይቱ ገና ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ነጭ ከተነሣ ደርቋል። ያኔ መጀመሪያ ጎማላካውን በስሱ እናሻለን፤ እሱ ከሥር ያለውን ዘይትና ከላይ የሚመጣውን ቬርኒሽ የሚያስታርቅ ነው። ከዚያ ቬርኒሹን በስሱ ሁለት ጊዜ። ጎማላካውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

እትዬ ትቈጣኛለች፤ ትቈጣ። ይህን ሥራ ዳግመኛ በጥድፊያ አላበላሸውም። ጨርቁ ነጭ ሲነሣ ይጻፉልኝ፤ በዚያው ሳምንት እመጣለሁ።

ቢያዝን


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ ቢያዝን፣

ይህን ደብዳቤ ለምን በረዳቱ እጅ እንዳልላክሁት የአጎቴን ልጅ አበረን ከደጅህ ቆሞ ስታየው ገብቶሃል። በአካባቢህ ያሉትን የአገራችንን ሰዎች ሰብስቦ በቃል ካረዳህ በኋላ እንዲሰጥህ አዝዤዋለሁ። ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማው ነው።

አገሬ ያረፈችው ታኅሣሥ 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ብዙ አልተሠቃየችም።

“መጨረሻዋ እንዴት ነበር?” ማለትህ አይቀርምና ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ኪኒኑን ከሰኔ ወዲህ አንድ ቀን አላስተጓጐለችም። በኅዳር መጨረሻ ትኵሳቱ ተመለሰባት። ሐኪሙ የጎዳት ያ ሦስት ወር የተቋረጠው ነው፣ በሽታው መድኃኒቱን ለመደው አለኝ። ይህን ልደብቅህ አስቤ ነበር። መደባበቁ ግን ይብቃን።

በየጧቱ “ዛሬስ?” ትለኝ ነበር። ጨርቁን አምጥቼ አሳያታለሁ። “አሁንም ቢጫ ነው” ስላት “እኔን ነው የመሰለው” ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን በወንበር አድርገን ወደ ሥራ ቤቱ ወሰድናት። መዳፏን አሳርፋ ብዙ ቆየች። “እኔ ደርቋል ብያለሁ” አለች። እኔም ልቤ ራርቶ፣ ጎማላካውን አስልኬ ልቀባውና አይታው ትሂድ ብዬ ነበር። ነገርኋት። “ተው” አለችኝ። “ብትቸኵሉና ቢበላሽ አሁን ደግሞ በእኔ ሊሳበብ ነው። እኔ ካላየሁት እናንተ ታዩታላችሁ።” ቀጥላም “ቢያዝን ግን እንጨቱን ባይጠብቅ ጥሩ ነበር” አለች። ይህንም ልደብቅህ አስቤ ነበር።

ትናንት፣ በሰባተኛው ቀኗ፣ ጨርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ተከታትሎ ነጭ ሆኖ ተነሣ።

አርባዋ ጥር 21 ነው። የገዛኸውን ይዘህ ና።

አስማማው


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጋሼ አስማማው፣

በደኅና ገብቻለሁ። ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶ ጥቂት ዋልን እንጂ ሌላ አልገጠመንም።

በአውቶቡሱ ደጃፍ የጠየቁኝን ሳልመልስ ተሳፈርሁ። “ተመለስና እንደ ድሮው አብረን እንሥራ፤ ቤቱ ባዶ ነው” ነበር ያሉኝ። ዝም ያልሁት ስላልፈለግሁ አይደለም። ከዚያ በፊት የምነግርዎ ስላለ ነው።

ሦስት ሳምንት አብረን ስንሠራ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እርስዎ ብሩሹን ያቀብሉኛል፣ እኔ ወረቀቱን አቀብልዎታለሁ። ጎማላካውን ሳሽ አንድ ቦታ ስደጋግም አይተው ጨርቁን ተቀበሉኝ። ለኅዳር አይሆንም ብዬ የጻፍሁት ስለ እንጨቱ እውነት ነበር። እኔ ግን እንጨት አልነበርሁም። በጥቅምትም በኅዳርም ተሳፍሬ መምጣት እችል ነበር። ሥራውን ጨርሼ፣ ንጹሕ ሆኜ ፊቷ ልቁም ብዬ ነው የዘገየሁት። እሷ የፈለገችው እኔን እንዳለሁ ነበር። ይህን በደጅዎ ተቀምጬ ልነግርዎ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ስለ በዓሉ ቀን ነው የምጽፈው። መሪጌታ ንባቡን ጨርሰው መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ሲያነሡ ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ተነሣ። ምንም አልያዘውም። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ የእትዬን ድምፅ ስፈልግ ነበር። ከዚያ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው ምን እንዳሉ ሰምተዋል፦ “ቢያዝን፣ አማችህ ያበላሸውን አንተ አቀናኸው። እጅህ ይባረክ።” ሕዝቡም አሜን አለ። እርስዎ አጠገቤ ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር። “እኔ ነኝ ያበላሸሁት” ልል የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርሁም። ለአንድ ጥፋት በታኅሣሥ ዝም አልሁ፤ በጥር ዝም አልሁ፤ የእሷን አርባ አውጥቼ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ሦስተኛ ዝም አልሁ። እርስዎም ማታ ቤት ስንገባ በዚህ አልወቀሱኝም። እራት አቀረቡልኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታሸገ አንድ ሌላ አለ። ለመሪጌታ እንዳላማው ነው። ምን እንዳወቅሁ፣ ምን እንዳልጻፍሁ፣ ማን እንደ ተጎዳበት፣ ከሹሙ ጠረጴዛ ጀምሮ ሁሉን ጽፌበታለሁ። በሚመጣው ዐሥራ ስድስት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕዝቡ እንዲያነቡልኝ ለምኛቸዋለሁ። እርስዎ ሆደ ቡቡ ነዎት፤ “ሞታለች፣ አሁን ምን ያደርጋል” ብለው ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር እንዳያስቀሩት። አንድ ጊዜ አስቀርተውታል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን።

ሲነበብ እኔም እኖራለሁ። ዐሥራ አራት ከዚህ እሳፈራለሁ። ከጣሊያኑ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ መሣሪያዎቼንም ጠቅልያለሁ። አብረን እንሥራ ያሉኝን መልስ የምሰጥዎ ከንባቡ በኋላ ነው፤ ያኔ እርስዎም ደግመው ያስቡበት። ጎረቤቱ፣ የሚያሠራው ሰው ሁሉ ማን እንደሆንሁ አውቆ “ይህን ሰው ከቤትህ አስወጣ” ቢልዎ አልቀየምም፤ ዕቃዬን ይዤ እመለሳለሁ።

ሰዉ እንዴት እንደሚያየኝ አላውቅም። እርስዎን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። መሪጌታ ማንበብ ሲጀምሩ ቀና ይበሉ።

ቢያዝን